አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ምኑን እንየው?

ጥር 2024 ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የሆነው የዋሽንግተን ኮማንደርስ ኃላፊዎች አውሮፕላን ተሳፍረው ወደ ዲትሮይት እየበረሩ ነበር። የሚሄዱት የዲትሮይት ላየንስን የማጥቃት አስተባባሪ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውን ረዳት አሰልጣኝ፣ ቤን ጆንሰንን ለዋና አሰልጣኝነት ለማነጋገር ነው። በዚያ ክረምት ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ሰው እሱ ነበር። ገና አየር ላይ ሳሉ ወሬው ደረሳቸው። ጆንሰን ዲትሮይት ለመቆየት ወስኗል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮማንደርስ ዳን ክዊንን በዋና አሰልጣኝነት ቀጠረ። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያን ሰሞን ቡና ቤት ውስጥ «ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?» ሲባል በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ሰው አልተሳሳተም፤ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በ2017ቱ ሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) 28 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ በፓትሪየትስ 34 ለ 28 የተሸነፈው አትላንታ ፋልከንስ የክዊን ቡድን ነበር። በ2020 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 5 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፎ ተባረረ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም አየን። በ2023 4 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ኮማንደርስ በክዊን የመጀመሪያ ዓመት 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱፐር ቦውል ለመግባት አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረው። እርግጥ በዚያች ጨዋታ ፊላዴልፊያ ኢግልስ 55 ለ 23 ረታው። ቢሆንም ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለው ሐበሻ ሳይቀር የኮማንደርስ ኮፍያ አድርጎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ምን ሆነ? 5 አሸነፈ፣ 12 ተሸነፈ። ቁጥሩ እንዳለ ተገለበጠ።

ሰውየው ያው ነው። የሚያሰለጥንበት መንገድም ያው ነው። ታዲያ ክዊን ጥሩ አሰልጣኝ ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄውን ያነሳሁት ጊዜው ስለሆነ ነው። ዘንድሮ ከ32ቱ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) ቡድኖች 10ሩ አዲስ ዋና አሰልጣኝ ቀጥረዋል። ቅጥሩ በተነገረ በሰዓታት ውስጥ እንደ ተማሪ ፈተና ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ ማርክ ይሰጣል። እኔ በዚህ ማርክ አላምንም። ከአንድ ዓመት በኋላ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። አሰልጣኝ የሚመዘነው በሌላ ነገር ይመስለኛል። ምን ተረከበ? ከተረከበው ውስጥ እሱ ራሱ ምኑን ለወጠ? ሲሳሳትስ በምን ያህል ፍጥነት አረመ?

በመጀመሪያ ግን አሜሪካን ፉትቦልን ለማይከታተል አንባቢ አንድ ነገር ልበል። በእኛ እግር ኳስ አሰልጣኙ አሰላለፉን አውጥቶ፣ በዕረፍት ሰዓት ተናግሮ፣ ተጫዋች ቀይሮ ነው ሥራውን የሚሠራው። ኳሷ መንከባለል ከጀመረች ሜዳው የተጫዋቹ ነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ጨዋታው በየጥቂት ሰከንዱ ይቆማል። በእያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ አሰልጣኙ ቀጣዩን ፕሌይ (አስቀድሞ የተጠና የጨዋታ ዕቅድ) ይመርጣል። ትእዛዙ ማጥቃቱን በሚመራውና ኳሷን በሚወረውረው ተጫዋች፣ በኳርተርባኩ፣ ሄልሜት ውስጥ ባለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይደርሳል። ሰዓቱ ላይ 15 ሰከንድ ሲቀር መስመሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ብቻውን ነው። በአንድ ጨዋታ ይህ ነገር 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ከ20 በላይ ረዳቶችን የሚመራው፣ አራተኛ፣ ማለትም የመጨረሻ፣ ሙከራ ላይ ኳሷን ለመምታት ወይስ ለመሮጥ የሚወስነው፣ ታይም አውት የሚጠራው ዋናው አሰልጣኝ ነው። ስለዚህ ቅጥሩ ከባድ ጉዳይ ነው። የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ አለው፤ የአሰልጣኝ ግን የለውም። የተባረረ አሰልጣኝ ውሉ እስኪያልቅ ይከፈለዋል። ችኩል ባለቤት ለሁለት ሰው ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን ወደ 2024 እንመለስ። ያን ዓመት 8 ቡድኖች ዋና አሰልጣኝ ቀጠሩ። ሁለት ዓመት ስላለፈ ነገሩ ተጣርቷል። ትልቁ ስም ጂም ሀርቦ ነበር። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ለብሔራዊ ዋንጫ ባበቃ በሳምንታት ውስጥ ቻርጀርስን ያዘ። 5 ያሸነፈውን ቡድን ተረክቦ ሁለቱንም ዓመት 11 አሸነፈ። ማርክ ሰጪዎቹ ስለ እሱ ተሳክቶላቸዋል። ጄሮድ ሜዮ በፓትሪየትስ፣ አንቶኒዮ ፒርስ በሬይደርስ 4 ለ 13 (4 አሸንፈው 13 ተሸንፈው) ጨርሰው በዓመታቸው ተሰናበቱ። የታይታንሱ ብራያን ካላሃን በሁለተኛ ዓመቱ 6 ጨዋታ ብቻ አስመርቶ ተባረረ። ራሂም ሞሪስ አትላንታ ላይ ሁለት ጊዜ 8 ለ 9 ጨርሶ ሄደ። የካሮላይናው ዴቭ ካናሌስ ያው 8 ለ 9 ይዞ ምድቡን አሸነፈና ሥራውን አጸና። ልብ በሉ። የሞሪስና የካናሌስ የ2025 ውጤት አንድ ነው፣ ምድባቸውም አንድ ነው። አንዱ ተባረረ፣ አንዱ ተመሰገነ። ልዩነቱ አንዱ ከ5 ድል ተነስቶ ወደ 8 መውጣቱ፣ ሌላው ባለበት መርገጡ ነው።

ስምንተኛውን ሆን ብዬ አቆይቻለሁ። ማይክ ማክዶናልድ ይባላል። ሲያትል ሲሆክስ ሲቀጥረው 36 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ 10 አሸንፎ ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፉ ዙር) ሳይገባ ቀረ። ብዙ የተወራለትም አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት 14 አሸነፈ። የካቲት 2026 ላይ ፓትሪየትስን 29 ለ 13 ረትቶ ሱፐር ቦውልን አነሳ።

በዚያ ፍጻሜ ከማክዶናልድ ፊት ለፊት የቆመው ማን ነበር? ማይክ ቭሬብል። ይህ ሰው በ2021 የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ነበር። በ2024 ግን ከቴነሲ ታይታንስ ተባሮ ሥራ ፈላጊ ነበር። ስምንቱ ቡድኖች ሁሉ በሩን አልፈውት ሄዱ። ዓመቱን ክሊቭላንድ ላይ በአማካሪነት አሳለፈ። ከዓመት በኋላ ፓትሪየትስ ወሰደው። ከ4 ድል ወደ 14 ድል አደረሳቸው። ማርክ የሚሰጠው ለተቀጠረው ብቻ ነው። ሳይቀጠር የቀረውን ማንም አይመዝንም።

ቭሬብልን ማድነቅ ተገቢ ነው። ግን ምን ተረከበ ብለንም እንጠይቅ። ድሬክ ሜይ የሚባል ወጣት ኳርተርባክ አገኘ። ልጁ በ2024ቱ ድራፍት፣ ደካማ ቡድን ቀድሞ አዲስ ተጫዋች በሚመርጥበት ሥርዓት፣ በሦስተኛ ቁጥር የተመረጠ ነው። አሰቃቂውን የመጀመሪያ ዓመት በሜዮ ሥር ጨርሶ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጀምር ቭሬብል ደረሰ። ቡድኑ በገበያው ላይ ለተጫዋች የሚያወጣው ብዙ ገንዘብ ነበረው። 4 ለ 13 በመጨረሱ ደግሞ በድራፍቱ አራተኛውን ምርጫ አገኘ። ሜዮ ይህን አላገኘም። እሱ የተረከበው ባዶ ቤት ነው። ለአንድ ዓመት ጠርጎ ቁልፉን ለሚቀጥለው አስረከበ። ሜዮ ጎበዝ አሰልጣኝ ነው እያልኩ አይደለም። በአንድ ዓመት ያንን ማወቅ አይቻልም ነው የምለው።

ወደ ክዊን ስንመለስም የምናገኘው ይህንኑ ነው። በ2024 ሲመጣ አዲስ ባለቤት ነበር። ጆሽ ሀሪስና ሸሪኮቹ ቡድኑን በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ገዝተውታል። አዲስ ጀነራል ማናጀርም (የተጫዋች ዝውውርና ምርጫ ኃላፊ) ነበር፣ አዳም ፒተርስ ይባላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በድራፍቱ ሁለተኛው ምርጫ በእጃቸው ነበር። በዚያ ምርጫ ጄይደን ዳንኤልስን ወሰዱ። ልጁ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ሆነ። በ2025 ግን ዳንኤልስ በጉዳት ከግማሽ የሚበልጠውን የውድድር ዘመን ሳይጫወት ቀረ። 12 ለ 5 የነበረው 5 ለ 12 ሆነ። ከዚህ ቁጥር ውስጥ ስንቱ የክዊን ነው፣ ስንቱ የዳንኤልስ ጉልበትና ክንድ? ለአሰልጣኝ ማርክ ስንሰጥ ብዙ ጊዜ ሳናውቀው ለኳርተርባክ ነው የምንሰጠው።

ሌላው ነገር ዕድል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሰው ማውራት አይወድም። እኔ ግን አንድ ምሽት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጥቅምት 2024፣ ላንዶቨር፣ ኮማንደርስ ከቺካጎ ቤርስ። ጊዜው አልቋል፣ ቺካጎ 15 ለ 12 ይመራል። ዳንኤልስ ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት። አሜሪካኖች ሄል ሜሪ ይሉታል፤ እኛ «እመቤቴ ድረሽ!» ብለን የምንወረውረው ዓይነት ነው። ኳሷ በሰው ክምር መሃል ተነካክታ ኖአ ብራውን እጅ ላይ አረፈች። 52 ያርድ፣ 18 ለ 15። የሰፈሬ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ ሲጮህ ነበር።

ቺካጎ እስከዚያች ምሽት 4 አሸንፎ 2 ብቻ ነበር የተሸነፈው። ከዚያች ኳስ ጀምሮ 10 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በኅዳር አሰልጣኙ ማት ኤበርፍሉስ ተባረረ። በቤርስ ታሪክ በውድድር ዘመን መሃል ዋና አሰልጣኝ ሲባረር የመጀመሪያው ነበር። በእሱ ቦታ ማን መጣ? ያ አውሮፕላን አየር ላይ እያለ ለዋሽንግተን እምቢ ያለው ቤን ጆንሰን። በመጀመሪያ ዓመቱ 11 አሸንፎ ምድቡን ወሰደ። ጥቅምት 2025 ላይ ወደ ላንዶቨር ተመልሶ መጣ። በመጨረሻዋ ሰከንድ በተመታች ፊልድ ጎል (በእግር ተመትታ በቋሚዎቹ መሃል የምታልፍ ኳስ) 25 ለ 24 አሸንፎ ሄደ። በሁለቱ ጨዋታ መሃል ያለው ልዩነት ሁለት ኳስ ነው። በእነዚያ ሁለት ኳሶች ላይ ስንት ሰው ስንት ፍርድ እንደሰጠ አስቡት። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።

ክዊን በ2024 ብዙ እንዲህ ያለ ጨዋታ አሸንፏል። ፕሌይኦፍ ላይ ታምፓ ቤይን የረታው መቺው ዜን ጎንዛሌዝ የመታት ኳስ ቋሚውን ገጭታ ስለገባች ነው። ትንሽ ወደ ውጪ ብታዘነብል ዓመቱ ሌላ ስም ይኖረው ነበር።

ጠባብ ጨዋታን በተመለከተ ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የ2022ቱ ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ነው። ኬቨን ኦኮነል በመጀመሪያ ዓመቱ 13 አሸንፎ 4 ተሸነፈ። በ8 ነጥብና ከዚያ በታች ልዩነት ከተጠናቀቁ 11 ጨዋታዎች 11ዱንም አሸነፈ። ግን ዓመቱን ሙሉ ያስቆጠረው 424 ነጥብ፣ የተቆጠረበት 427 ነው። 13 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን የገባበት ካስገባው ይበልጣል! ይህን ያየ ሰው ቀጣዩን ዓመት መገመት ይችል ነበር። 7 ለ 10 ሆነ። ኦኮነል ግን ደካማ አሰልጣኝ አልነበረም፤ በ2024 14 አሸነፈ። የመጀመሪያው ዓመት ከፍ ያለው በዕድል ነው፣ ሁለተኛው ዝቅ ያለው ደግሞ ኳርተርባኩ ከርክ ከዚንስ ተጎድቶበት ነው።

በዚያው በ2022 ብራያን ዳቦል ኒው ዮርክ ጃያንትስን ይዞ 9 አሸነፈ፣ አንድ አቻ ወጣ፣ ፕሌይኦፍ ላይ ያንኑ ሚኒሶታን ረታ። የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ከዚያ 6፣ ከዚያ 3 ድል። ኅዳር 2025 ላይ 2 ለ 8 ሲሆን ተሰናበተ። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ድል ሲበዛ እኔ መጀመሪያ የማየው የነጥብ ልዩነቱን ነው። አሰልጣኙ ቡድኑን በእርግጥ ለውጦት ከሆነ ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ሰከንድ አይተርፍም። አንዳንዴ በ20 ነጥብም ያሸንፋል።

ታዲያ ምኑ ነው የአሰልጣኙ የራሱ ሥራ? ለእኔ መልሱ ማክዶናልድ ላይ አለ። በ2024 መሃል መከላከያው ሲላላ ዝም ብሎ አላየም። ጥቅምት ላይ ቡድኑ የመሃል መስመር ተከላካይ ሸጦ በምትኩ ኧርነስት ጆንስን አመጣ። በኅዳር ሌላውንም አሰናበተ። መከላከያው በሁለተኛው አጋማሽ ሌላ ቡድን መሰለ። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ራሱ ያመጣውን የማጥቃት አስተባባሪ ራያን ግራብን አሰናብቶ ክሊንት ኩቢያክን ቀጠረ። ከአንድ ዓመት በፊት «ይህ ነው ሰዬ» ያለውን ሰው ማሰናበት ቀላል አይደለም። ብዙ አሰልጣኝ አንድ ዓመት ይጨምርለታል። ያ የተጨመረው ዓመት ነው የሚያስባርረው። የጀነራል ማናጀሩ የጆን ሽናይደር ድርሻም መረሳት የለበትም። ኳርተርባኩን ጂኖ ስሚዝን ሸጠው ሳም ዳርኖልድን አመጡ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተጠራጥሮ ነበር።

10 ድል ይዞ ፕሌይኦፍ ያልገባውን ማክዶናልድን እና 12 ድል ይዞ ለፍጻሜው ጫፍ የደረሰውን ክዊንን ከአንድ ዓመት በኋላ ብታወዳድሩ ሁሉም ሰው ክዊንን ይመርጥ ነበር። እኔም ጭምር። ግን ምልክቱ በውጤት ሰሌዳው ላይ አልነበረም። በጥቅምት ወሩ ዝውውርና በጥር ወሩ የአስተባባሪ ለውጥ ላይ ነበር።

የአስተባባሪነትና የዋና አሰልጣኝነት ሥራ አንድ አለመሆኑንም መርሳት አይገባም። ናትናኤል ሃኬት በግሪን ቤይ የማጥቃት አስተባባሪ ሆኖ ስም አገኘ። በ2022 ዴንቨር ወሰደው። በመጀመሪያ ጨዋታው ሲያትል ላይ፣ አንድ ነጥብ ብቻ እየተመራ፣ አራተኛው ሙከራ ደረሰ። 5 ያርድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ራስል ዊልሰንን የመሰለ ኳርተርባክ በብዙ ወጪ ገዝተውለታል። እሱ ሰዓቱን አስበልቶ ከ64 ያርድ አስመታ። ኳሷ ሳትገባ ቀረች። 15 ጨዋታ አስመርቶ ተባረረ። እርቀቱ ወይም ኳሷ አይደለም ችግሩ። አንድ ሰው ፕሌይ በመሳል ጎበዝ ሆኖ ሰዓት፣ ታይም አውትና 53 ተጫዋቾችን መምራት ሊከብደው ይችላል። ኧርባን ሜየርም እንዲሁ። በዩኒቨርሲቲ ሦስት ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳ ሰው ጃክሰንቪል ላይ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ 2 አሸንፎ 11 ተሸንፎ ተሰናበተ።

«ጊዜ ስጡት» የሚለው ምክርስ? የፒትስበርጉ ቻክ ኖል በ1969 1 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በኋላ አራት ሱፐር ቦውል አነሳ። የዲትሮይቱ ዳን ካምቤል 3 አሸንፎ ጀመረ፤ ሁለተኛውን ዓመት 1 ለ 6 ከፈተ። ከዚያ ከቀሩት 10 ጨዋታዎች 8ቱን አሸነፈ። በ2024 15 ለ 2 ደረሰ። ታሪኩ ያምራል። ግን በመጥፎ የጀመረ ሁሉ ኖል አይሆንም። በኖል የመጀመሪያ ዓመት ላይ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ በድራፍቱ ጆ ግሪንን መርጧል። ያ ልጅ የዘመኑ ታላቅ ተከላካይ ሆነ። ጊዜ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ምልክት ላሳየ ሰው ነው።

ጊዜ ለማን ይሰጣል የሚለው ግን የሚያስቆጣኝ ጉዳይ ነው። ሂውስተን በ2021 ዴቪድ ከሊን ቀጥሮ በዓመቱ አሰናበተ። በ2022 ላቪ ስሚዝን ቀጥሮ በዓመቱ አሰናበተ። በ2024 ሜዮና ፒርስ እንዲሁ። አራቱም ጥቁር አሰልጣኞች ናቸው። አራቱም የተረከቡት የፈረሰ ቡድን ነው። ሊጉ ከ2003 ጀምሮ የሩኒ ደንብ አለው። ቡድኖች ነጭ ያልሆኑ እጩዎችን እንዲያነጋግሩ ያስገድዳል። ማነጋገር ግን መቅጠር አይደለም፣ መቅጠርም ጊዜ መስጠት አይደለም። ዘንድሮ ከተቀጠሩት 10 ሰዎች መካከል አንድም ጥቁር የለም። በዚያው ክረምት ማይክ ቶምሊን ከ19 ዓመት በኋላ ከፒትስበርግ ለቀቀ። አንድም ዓመት ከተሸነፈው ያነሰ አሸንፎ አያውቅም። ደግሞ ከከሊና ከስሚዝ ቀጥሎ ዕድል የተሰጠው ዴሚኮ ራያንስ በዚያው ሂውስተን ምን እንዳደረገ አይተናል። በ2023 ከ3 ድል ወደ 10 አወጣው። ኳርተርባኩ ሲጄ ስትራውድ ነበር። ከሊና ስሚዝ እሱን የመሰለ ልጅ አልነበራቸውም።

በዚህ ዓይን የዘንድሮዎቹን ስመለከት ኬቨን ስቴፋንስኪ ይስበኛል። በክሊቭላንድ ሁለት ጊዜ፣ በ2020 እና በ2023፣ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሏል። ዘንድሮ ተባረረ፤ አትላንታ ወዲያው ወሰደው። ክሊቭላንድ በ2022 ለዴሾን ዋትሰን ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና 230 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ሰጥቷል። ያ ውሳኔ ቡድኑን ለዓመታት አስሮ ያዘው። የስቴፋንስኪን ሽንፈት ከዚያ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ጆን ሀርቦ 18 ዓመት ባልቲሞር ቆይቶ ወደ ጃያንትስ ሄዷል። ማንነቱ ይታወቃል፤ ጥያቄው በሌላ ሰው ቤት፣ በወጣቱ ጃክሰን ዳርት ምን ይሠራል የሚለው ነው። በእሱ ቦታ ባልቲሞር የገባው ጄሲ ሚንተር በማክዶናልድ መንገድ የመጣ የመከላከል ሰው ነው። የተረከበው ግን ላማር ጃክሰንን ነው። እዚህ ሁለት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው አለ። ሚንተር 12 ቢያሸንፍ እኔ ቸኩዬ አላጨበጭብም። ከዚያ ይልቅ መከላከያው አራተኛው ሩብ ላይ እንዴት እንደሚጨርስ አያለሁ።

ክዊንስ? በ2025 መሃል የመከላከያውን ፕሌይ መጥራት ከረዳቱ ተረክቦ በራሱ እጅ አደረገው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም አስተባባሪዎች ሄዱ። ማክዶናልድ በመጀመሪያው ዓመት ያደረገውን ክዊን በሁለተኛው አደረገ። ዘግይቷል፣ ግን አድርጎታል። ዳንኤልስ ድኖ ከተመለሰና መስከረም ላይ ጨዋታው ሲጀመር ውጤቱን ከመጠየቄ በፊት የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተጋጣሚው ሦስተኛ ሙከራ ላይ ረጅም ያርድ ሲቀረው መከላከያው አሁንም ይፈታለት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ዳንኤልስ ጉዳት ከሚያመጣበት ሩጫ ይልቅ ኳሷን ቶሎ እንዲለቅ የሚያደርግ ፕሌይ እንደተዘጋጀለት። የመጀመሪያዎቹ 4 ጨዋታዎች ይበቁኛል።